ስማቸውን የሚጠራው ማን ነው? ከ31 መልሶች በኋላ

የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን ክር የከፈትሁት ሚያዝያ 11 ቀን ነበር፤ ጎንደር ላይ በቀይ ሽብር የተገደሉትን ስም መዝግቦ መጥራት የማን ሥራ ነው ብዬ። አሁን 31 መልስ ደርሷል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ማንበብ እንደከበዳቸው በውስጥ መስመር ስለጻፉልኝ፣ የተባለውን በየተራው በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥሁም። አንዳንዱ የቤት ምስጢር ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በንዴት የተጻፈ ነው፣ የእኔም ጭምር።

መነሻው

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ ዳላስ ይኖራል። ሦስት ሰዓት ነድቶ ኦክላሆማ ሲቲ ሄደና አንድ ሜዳ ቀርጾ ላከልኝ። ሜዳው ላይ 168 ባዶ ወንበሮች ቆመዋል፤ ከነዚህ 19ኙ ትንንሾች ናቸው። ሚያዝያ 11 ቀን 1987 ዓ.ም. ረቡዕ፣ በእነሱ አገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ፣ ቲሞቲ ማክቬይ የሚባል የአገሩ ልጅ፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተዋጋ ወታደር የነበረ፣ ፈንጂ የሞላበትን የኪራይ መኪና ሙራ ከሚባለው የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ፊት ለፊት አቆመ። የሞተው 168 ሰው ነው። ሕፃናቱ አብዛኞቹ እናትና አባት ሥራ ሲገቡ የሚተዋቸው እዚያው ሕንፃ ውስጥ በነበረ የሕፃናት ማቆያ ነበሩ። የእያንዳንዱ ሰው ስም ወንበሩ በቆመበት መስታወት ላይ ተቀርጿል፤ ሲመሽ መብራት ከሥሩ ይበራል።

ቪዲዮውን እናቴ አብራኝ አየችው። ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ሲደርስ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ራቅ አድርጋ ያዘችና ስማቸው የት ላይ እንደተጻፈ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረችም፤ ቡናውንም ሳትጨርስ ተነሣች።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ እዚሁ ጎንደር ከቤቱ ተወሰደ። ዕድሜው 17 ነበር። አያቴ በየቀኑ ስንቅ ታደርስለት ነበር። አንድ ቀን አገልግሉ እንደታሰረ ተመለሰላት፤ ዘበኛው ከእንግዲህ እንዳታመጣ ነገራት። መርዶው ይኸው ነበር። አስከሬን የለ፣ ቀብር የለ። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ስለነበር ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንኳ ከደጅ አልወጣችም። ምጣድ ጥዳ፣ በጭሱ እያመካኘች አለቀሰች። እናቴ ያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እስከ ዛሬ የማገዶ ጭስ ሲሸታት ፊቷን ታዞራለች።

የጠየቅሁት እንዲህ ነው፦ የቀይ ሽብር ፍርድ ቤቶች ሥራቸውን ጨርሰዋል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሰማዕታቱ ሙዚየም አለ። ግን በየሰፈራችን፣ በአራዳ፣ በአዘዞ፣ በብልኮ፣ በቀሐ ኢየሱስ፣ የማን ልጅ ከየትኛው በር እንደወጣ መዝግቦ ስሙን መጥራት የማን ሥራ ነው? የመንግሥት ነው? የቤተ እምነት? የዕድር? ወይስ የየቤቱ?

መልሶቹ

1. የመጀመሪያው መልስ የአንድ ትልቅ ሰው ነው። ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ ጎን እንዲያኖር ጸልየው፣ ሥራው የዕድር ነው አሉ። ምክንያታቸው አጭር ነበር፦ ዕድር መዝገብ አለው፣ መዝገቡ ላይ ደግሞ የሁሉም ቤት ስም አለ።

2. ሁለተኛው እርማት ነው፤ በደስታ ተቀብዬዋለሁ። ቦታውን ሁለት ጊዜ ያየ ወንድም በሰዓቱ አጻጻፍ አሳሳች እንደሆንሁ ጠቆመኝ። መታሰቢያው ግራና ቀኝ ሁለት ትላልቅ በሮች አሉት፤ በአንዱ ላይ 9:01፣ በሌላው ላይ 9:03 ተጽፏል፤ አቆጣጠሩ የነሱ ነው። የመጀመሪያው በር ከፍንዳታው በፊት የነበረችው ደቂቃ ናት፣ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ያለችው። ወንበሮቹም በዘፈቀደ አልቆሙም፦ በ9 ረድፍ ነው የተደረደሩት፤ ሰውየው በየትኛው ፎቅ ላይ እንደሞተ ረድፉ ይናገራል። ከሕንፃው ውጭ የሞቱት 5ቱ ለብቻቸው ዳር ቆመዋል። እርጉዝ ሆነው የሞቱ ሦስት እናቶች ወንበር ላይ ያልተወለዱት ልጆቻቸው ስም ከእናቶቹ ስም በታች ተጽፏል። ይህን ስነግራት እናቴ ጣቷን ነከሰች። እኔም ቀኑን ቆጥሬ ነበር፦ ያቺ ረቡዕ እኛ ዘንድ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ናት፣ ሰዓቱም በጎንደር ከቀኑ 11 ሰዓት ከ2 ደቂቃ። እናቴ በዚያ ሰዓት ስግደት ላይ እንደምትሆን ትገምታለች።

3. እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንድ ወጣት፣ የራሳችን ሙታን ገና ትኩስ ሆነው ሳለ የአሜሪካ ወንበር መቁጠር ምን እንደሚረባ ጠየቀ። አሜሪካኖች ለ168 ሰው ሜዳ ሲሠሩ ስለሌላው ዓለም ሙታን ግድ እንደሌላቸውም ጨመረ። የተቆጣው በእኔ ብቻ አልነበረም፤ ያለፉት ዓመታት ሞት እንደደረሰበት ከአጻጻፉ ያስታውቃል።

4. የመለሱለት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ልጄ እያሉ በትሕትና። ስለ ሌላው ሐዘን ማወቅ የራስን አያሳንስም አሉ። ቀጥሎ ግን ወደ እኔ ዞረው አረሙኝ፣ እርማታቸውም ከባድ ነው። ኦክላሆማ ላይ ግለሰቦች መንግሥትንና ሕዝብን አጠቁ፤ መንግሥት ያዘ፣ ከሰሰ፣ ፈረደ፣ መታሰቢያውንም አገዘ። ጎንደር ላይ ግን የገደለው ራሱ መንግሥት ነው። ማኅተሙም መዝገቡም እሱ እጅ ነበር። ስለዚህ እዚያ ቀላል የሆነው የስም ዝርዝር እዚህ የሚጀምረው ከተቃጠለ ወረቀትና ከሚፈራ ጎረቤት ነው። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ያቆምሁት ሳላስብበት ነበር፤ መምህሩ ልክ ናቸው።

5. አምስተኛው ወንድሜ በዲቪ ነው የሄደው ወይ የሚል ነው። አወያዩ ጨዋ በሆነ መንገድ ሌላ ክር አሳየው።

6. ስድስተኛውን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ቁስቋም አካባቢ ያደገ ሰው ነው፤ አባቱ ቄስ ነበሩ። በ1970 እና በ1971 እናቶች ገና ሳይነጋ እየመጡ በአባቱ ጆሮ አንዳንድ ስም ሹክ ብለው ይሄዱ ነበር። የሚሰጡት የክርስትናውን ስም ብቻ ነው። ልጁ በሰፈር የሚጠራበትን ስም ካድሬው ያውቀዋል፣ በዝርዝሩም ላይ አለ፤ የክርስትናውን ስም ግን የሚያውቁት እናቱ፣ የክርስትና እናት ወይም አባቱና ቄሱ ናቸው። ስለዚህ በቅዳሴ መካከል ወልደ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ተብሎ ሲጠራ ቆሞ የሚሰማው ሰላይ ምንም አይገባውም ነበር። ለቅሶ በተከለከለበት ከተማ ሙታኑ በየሳምንቱ በአደባባይ ይጠሩ ነበር ማለት ነው። አባትዬው ስሞቹን እንዳይረሱ በዳዊታቸው መጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ በእርሳስ ጽፈዋቸዋል፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። ዳዊቱ ዛሬም ቤታቸው አለ።

እናቴን ጠየቅኋት። አያቴም ሹክ ካሉት አንዷ ናት! እስከ ዛሬ አልነገረችኝም ነበር። የአጎቴን የክርስትና ስም ነገረችኝና ለሰውየው በውስጥ መስመር ላክሁለት። በማግስቱ መልሱ መጣ፦ ስሙ በሁለቱ ገጾች ላይ ሦስት ጊዜ ይገኛል። የትኛው የእኛ እንደሆነ የሚያውቁት አባቱ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አርፈዋል። ኦክላሆማ ላይ ለእያንዳንዱ ስም ወንበር አለ። እኛ ቤት ደግሞ ሦስት ስም ተጽፎ ባለቤቱን የሚለይ ሰው የለም። ሌሊቱን ስለዚህ ሳስብ አደርሁ።

7. አንዲት እህት ሙስሊሞቹ እንዳይረሱ አሳሰበች፤ ልክ ናት፣ እኔም ስጽፍ ስለ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር ያሰብሁት። የሷ ቤተሰብ ለጠፋው አጎቷ አስከሬን ስላልነበረ በሌለበት የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ በቤት ውስጥ በዝቅታ ሰግደው ነበር። ከዚያ ወዲህ አያቷ በየዓመቱ በዚያው ቀን ምክንያቱን ሳይናገሩ ሰደቃ ያወጡ ነበር። ልጆቹ የምን ድግስ እንደሆነ ሳያውቁ ነው እየበሉ ያደጉት።

8. ሌላ ሰው ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም እንዳይዘለሉ አከለ። ዘመዶቻቸው ዛሬ እስራኤል ስላሉ ስሞቹን ማሰባሰብ የሚቻለው ከዚያ እንደሆነም ጠቆመ።

9. ከዚህ በኋላ ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ገቡ። ዘጠነኛው የአገራችንን ሂደት በአጭሩ አስቀመጠ፦ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ተቋቋመ፣ ዋናው ችሎት ታኅሣሥ 1987 ጀመረ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ የተባሉት ታኅሣሥ 1999 ነው። 12 ዓመት ሙሉ ማለት ነው። መጀመሪያ ዕድሜ ልክ ተፈረደ፣ በ2000 በይግባኝ ወደ ሞት ከፍ አለ። በ2003 ደግሞ እስር ላይ የነበሩት የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። እዚህ ላይ የሃይማኖት አባቶች አማላጅ እንደነበሩ አስታወሰ።

10. አሥረኛው ዘጠነኛውን ደግፎ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 28 ጨመረ። በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፍም፤ ርእሰ ብሔሩ ማድረግ የሚችሉት ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ነው። በ2016 ስለጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም አንሥቶ ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ክር ያስፈልገዋል።

11. ከሕግ ሰዎቹ የእኔን ጥያቄ በቀጥታ የነካው አሥራ አንደኛው ነው። የማክቬይ ግብረ አበር ቴሪ ኒኮልስ በፌዴራል ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር። ያ ፍርድ በግድያ በኩል የያዘው ግን የ8 ፌዴራል መኮንኖችን ስም ብቻ ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ የደረሰው እስከዚያ ነበርና። የ160ው ሰው ሞት በየትኛውም የግድያ ክስ ስም በስም አልተፈረደበትም። የኦክላሆማ ክፍለ ግዛት በ1996 ዓ.ም. እንደ ገና ለፍርድ አቀረበው። በ161 ግድያ ጥፋተኛ ተባለ፤ 160ው ሰዎችና አንድ ያልተወለደ ሕፃን። ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች በሞት ቅጣት ላይ ስላልተስማሙ 161 ጊዜ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሰውየው አስቀድሞም ከእስር የሚወጣ አልነበረም፤ ብዙ ገንዘብ ባከነ ብለው የተቹም ነበሩ። ለአንዳንድ ቤተሰቦች ግን የልጃቸው ስም ፍርድ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ መነበቡ ቀርቶባቸው ነበር። ጸሐፊው ይህን ካለ በኋላ የእኛም ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክሶች የሟቾችን ስም ይዘረዝሩ እንደነበር አስታውሶ፣ የጎንደሩን ዝርዝር አንብቦ ጎረቤቱን የፈለገ ስንት ሰው እንዳለ ጠየቀን። እስከ አሁን እጁን ያወጣ የለም፣ እኔንም ጨምሮ።

12. አሥራ ሁለተኛው ስለ ጠቋሚዎች ነው። ማይክል ፎርቲየር የሚባለው የማክቬይ ጓደኛ ዕቅዱን እያወቀ ዝም በማለቱና ተያያዥ በሆኑ ክሶች 12 ዓመት ተፈርዶበታል፤ ያውም መስክሮ። ጸሐፊዋ ስለዚህ የምትለው፣ እዚህ ግን ጣቱን የቀሰረውም፣ አይቶ ያለፈውም ዛሬ በአንድ ዕድር ውስጥ አብሮ ሬሳ ያነሣል። በመጀመሪያው መልስ የተሰጠው ሐሳብ ለዚህ ነው ያላሳመናት፦ መዝገቡን የሚይዘው ጸሐፊ ያኔ ዝርዝር ያዘጋጀው ሰው ሊሆን ይችላል።

13. እዚህ ክሩ ሊበጠስ ደረሰ። አንድ ሰው አባቱ የቀበሌ ሊቀመንበር እንደነበር፣ በ1969 የኢሕአፓ ታጣቂዎች በጥይት እንደገደሉት ጻፈ። አባቱ በማንም ሙዚየም ውስጥ የለም፤ ልጆቹም አባታችን ማለት ያፍራሉ። ለእሱስ ወንበር አለው ወይ ብሎ ጠየቀ።

14. አሥራ አራተኛው የእኔ ነው፤ የጻፍሁትም በሌሊት ነው። አባቱ ሳይሞት በፊት በብዕሩ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ጠየቅሁት። ሊጻፍ የማይገባው ነበር። ከዚህ በላይ አላስተባብልም።

15 እና 16. አንዱ ከእኔ ብሶ ልጅ በአባቱ ስም እንዲያፍር ፈረደ። ሌላው እኔን ገሠጸኝ፤ ስለ ሕፃናት ወንበር አልቅሼ ሳበቃ በሰው ልጅ ላይ ድንጋይ እንደወረወርሁ በግልጽ ነገረኝ።

17. ይህ መልስ ተነሥቷል። ወደ ዛሬው ፖለቲካ ገብቶ አንድን ብሔር በጅምላ የሚወነጅል ነበር።

18. በተነሣው ቦታ ላይ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጻፈች፤ በእኔ ግምት ክሩን ያዳነችው እሷ ናት። ኦክላሆማ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጣት የተቀሰረው በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ላይ ነበር። ቴሌቪዥኑ ይህን ሲደጋግም፣ ዮርዳኖስ የተወለደ አንድ የዚያችው ከተማ ነዋሪ ለንደን ላይ ከጉዞው ተይዞ ተመልሷል። እውነተኛው ገዳይ ግን ፍንዳታው በደረሰ በ90 ደቂቃ ውስጥ፣ መኪናው ታርጋ ስላልነበረው በአንድ የመንገድ ፖሊስ ተይዞ እስር ቤት ተቀምጦ ነበር። ተማሪዋ ይህን የጻፈችው 17ኛው መልስ ገና ትኩስ ሆኖ ሳለ ነው። የመለሰላት የለም፤ ጩኸቱ ግን ቆመ።

19. የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ተመለሰ። አልሰደበኝም። አባቱ ሲመታ 8 ዓመቱ ነበር፣ ከዳቦ ቤት አብረው እየተመለሱ ነበር፣ ዳቦውን የያዘው እሱ ነበር። አባቱ ያደረገው ይሰረዝ አላለም፤ ያደረገውም የሆነበትም አንድ ላይ ይጻፍ ነው ያለው።

20. ይቅርታ ጠየቅሁት፣ በዚያው በሁሉ ፊት። የመሰለኝንም ጻፍሁ፦ መዝገብ ከተከፈተ ጀግና፣ ባንዳ፣ ሰማዕት፣ አድኃሪ የሚሉ ቃላት አይግቡበት። ማን ነው፣ የስንት ዓመት ሰው ነው፣ መቼ ከየት ወጣ፣ ማን ወሰደው፣ ማን ገደለው። የድርጅት ስም የሚጻፍበት ዓምድ ከሰው ስም በፊት አይምጣ። ብዙ ሰው አልተስማማም፤ ሁለቱ እስከ አሁን አኩርፈውኛል። እኔ ግን አቋሜ ይኸው ነው። የሁለቱም ወገን ሙት በአንድ መዝገብ፣ እያንዳንዱ በየገጹ፣ ገዳዩም በየገጹ።

21. አንድ ሰው የባድ ዌልችን ታሪክ አመጣ። የ23 ዓመት ሴት ልጁ ጁሊ በዚያ ሕንፃ የስፓኒሽ አስተርጓሚ ነበረች። አባትዬው ለወራት ገዳዮቹ ያለ ፍርድ እንዲገደሉ ይመኝ ነበር፤ መጠጥም ያዘው። በኋላ ግን የሞት ቅጣቱን በግልጽ ተቃወመ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ሄዶ የማክቬይን አባት በቤታቸው አገኘ። ልጃቸውን ሊያጡ ላሉት ሰው አዘነላቸው።

22. ሃያ ሁለተኛው ይህን በአንድ ሰው ልብ ብቻ መለካት አልወደደም። ማክቬይ ሰኔ 4 ቀን 1993 ዓ.ም. ኢንዲያና በሚገኘው የቴር ሆት እስር ቤት ሲገደል፣ 232 የተረፉና የሟች ቤተሰቦች ኦክላሆማ ሆነው በልዩ የቴሌቪዥን መስመር አይተውታል፤ የእነሱም ሐዘን ሐዘን ነው። እሱ ራሱ ይቅርታ ሳይጠይቅ ነው የሞተው። ያልተጠየቀ ይቅርታ እንዴት ይሰጣል የሚለው ጥያቄ እስከ አሁን ክሩ ላይ ተንጠልጥሎ አለ።

23. ከደምቢያ የጻፉ አባት ለዚህ የሚሆን ነገር ነበራቸው። በአገራችን ደም ሲደርቅ ሽማግሌ ገዳይን ዝም ብሎ ከሟች ወገን ጋር አያገናኘውም። አስቀድሞ ገዳይ ነኝ ማለት አለበት። ያመነ ነው የሚታረቀው፤ የካደ ደመኛ ሆኖ ይቀራል። እሳቸውን የሚያሳዝናቸው፣ በቀይ ሽብር የታሰሩትም የተፈቱትም ብዙዎቹ በየሰፈሩ ቆመው አስከሬኑ ያለው እዚህ ነው አለማለታቸው ነው። ይቅርታውን ለመስጠት የተዘጋጁ እናቶች ቦታውን ሳያውቁ እያለፉ ነው። የእኔ አያት በ1994 አልፋለች።

24፣ 25 እና 26. ስለ ዛፍ ነው፤ ወጣ ያለ ቢሆንም አልጠላሁትም። ኦክላሆማ ላይ ፍንዳታውን የተቋቋመ አንድ ትልቅ ኤልም ዛፍ አለ። መኪናዎች አጠገቡ ሲቃጠሉ አብሮ ተለብልቧል፣ መስታወትና ብረት በግንዱ ተሰክቶበት ነበር፤ ማስረጃ ለመሰብሰብ ሊቆረጥም ተቃርቦ ነበር። በዓመቱ ለመለመ። ጁሊ ዌልች መኪናዋን የምታቆመው በሱ ጥላ ሥር ነበር። ዛሬ ዘሩ እየፈላ ችግኙ ይታደላል። ይህን ያነበበ አንድ ሰው ጃንተከል ዋርካን አነሣ፤ ሌላው ስለ ቅርንጫፎቹ መገረዝ ማማረር ጀመረ፤ ሦስተኛው ዋርካው ከፋሲል ግንብ ይቀድማል አይቀድምም ክርክር ከፈተ። አወያዩ ለሁለት ቀን ታገሣቸው።

27. አንዲት ነርስ ወደ ሥራው መለሰችን። የሞቱትን የሚያውቁ እህትና ወንድሞች ዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ መርሳት የጀመሩም አሉ። ስለዚህ ሐውልት መቼ ይሠራል ከማለት በፊት በስልክ ድምፃቸው ይቀረጽ። አሮጌ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ በጉልበት እንዳይላቀቅ፣ ከነመስታወቱ ፎቶ እንዲነሣም መከረች። ኦክላሆማዎችም የጀመሩት ቤተሰቦችን በመጠየቅ ነበር፤ የመታሰቢያው ንድፍ ውድድር የመጣው በኋላ ነው። 350 ሰው ያለበት ኮሚቴ መጀመሪያ ምን ልናስታውስ ነው የሚለውን ጽፎ ጨረሰ፣ ከዚያ 624 ንድፍ ቀረበ፣ መታሰቢያው በአምስተኛ ዓመቱ ተከፈተ።

28. ሃያ ስምንተኛው በሔግ ከተማ ታኅሣሥ 2010 ዕድሜ ልክ የተፈረደበትን፣ የደርግ ባለሥልጣን የነበረውን የእሸቱ ዓለሙን ጉዳይ አስታወሰ። እዚያ ጎጃም ውስጥ ስለተፈጸመው፣ ስለ 75ቱ የደብረ ማርቆስ ወጣት እስረኞች ግድያ፣ ከ39 ዓመት በኋላ ኔዘርላንድስ ውስጥ ምስክር ተሰምቷል። ሙሉ ስም፣ ቀንና ቦታ የያዘ ወረቀት በእጃቸው የነበረ ሰዎች ናቸው ይህ እንዲሆን ያስቻሉት ይላል። ይህን ያመጣው ፍትሕ ዘግይቶም ይመጣል ለማለት ሳይሆን ወረቀት እንዳይጣል ለመማጸን ነው።

29. አንድ ከእስር የተረፉ አባት በልጃቸው በኩል ጥቂት መስመር አስጻፉ። እሳቸው መቀረጽ አይፈልጉም። የዚያን ቤት ወለል በሕልማቸው የሚያዩት ይበቃቸዋል። ለሌላው ግን አይከለክሉም። አንድም ሰው አልተከራከራቸውም፤ ደስ ብሎኛል።

30. የቁስቋሙ የቄስ ልጅ ዳዊቱን ይዞ ለመምጣት ፈቀደ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንገናኛለን። ሰባተኛዋም መልስ ሰጪ የአጎቷን ፎቶ ይዛ ትመጣለች። የክርስትና ስም የምታውቁ አስባችሁ ኑ፤ ስሞቹን ከቤቶቹ ጋር ለማገናኘት እንሞክራለን። የ13ኛው መልስ ባለቤትም ይመጣል። እኔ ነኝ የጠራሁት።

31. የመጨረሻው ትናንት ማታ ከውጭ አገር የተጻፈ ነው። ጸሐፊው በ1970 ጥር ላይ ጎንደር ታስሮ ነበር። በክፍሉ ውስጥ 17 ወይም 18 ዓመት የሚሆነው፣ ማታ ማታ ለሌሎቹ ሒሳብ የሚያስተምር ልጅ ነበር። ግድግዳው ላይ በከሰል ይጽፍ ነበር። ስሙን አያስታውስም። ከግራ ቅንድቡ በላይ የቆየ ጠባሳ ነበረው፣ የለበሰው ሹራብ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጥፎ ነበር። አንድ ሌሊት ከሌሎች አራት ጋር ተጠርቶ ወጣ። ምናልባት የእኔ አጎት ይሆን ብሎ ጠየቀኝ።

እናቴን ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። ወንድሟ ጠባሳ አልነበረውም፤ ሹራብም አልነበረውም፣ የወጣው በአባቱ ካፖርት ነው። ስለዚህ የእኛ አይደለም። ትንሽ ቆይታ ግን ይህን እዚህ እንድጽፈው አዘዘችኝ፦ በ1970 ጥር፣ ጎንደር፣ ሒሳብ የሚያስተምር ልጅ፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ። ሹራቡን የጣፈችው እናቱ ወይም እህቱ ትሆናለች። የምታውቁት ካላችሁ ከዚህ በታች ጻፉልን።